የሰዓዳ ራኬት፣ በሃያ ስድስት ቁጥር

ሥራ የጀመርኩት ከቡድን በተባረርኩበት ቀን ነው። ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። የባድሜንተን አሠልጣኛችን ቲቸር ጌታሁን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ አሰልፎን ስም ጠራ፤ የእኔን ዘለለው። ሌሎቹ ራኬታቸውን ይዘው ወደ መረቡ ሲሄዱ እኔ መስመሩ ላይ ቀረሁ። ቀስ ብዬ ጠየቅሁት። ዓይኔ ጥሩ እንደሆነ፣ እግሬ ግን ሰነፍ እንደሆነ ነገረኝ። ጨዋታውን ከወደድኩት ደግሞ ዕቃ ክፍል ሰው ይፈልጋል አለኝ። እንዲህ ተባርሬ ተቀጠርኩ።

ይህን የምጽፈው ከእኔ በኋላ የራኬት ክር መወጠሪያውን ማሽን ለምትይዙ ልጆች ነው። ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፤ በአሥራ ስምንት ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ ማለት ነው። ጡረተኛ ደግሞ ያወራል። መጻፍ እንደምችል ያወቅሁት በቅርቡ ስለሆነ ካበዛሁት ታገሡኝ። ቲቸር ጌታሁንን ፊት ለፊት «እርስዎ» ነው የምለው፤ እዚህ ላይ ግን «እሱ» ይበቃዋል።

ዕቃ ክፍሉ ከአዳራሹ ጀርባ ነው። ኃላፊው ጋሽ ይማም ናቸው። ብረት አልጋና ስፖንጅ ፍራሽ ገበያውን ሳይወስዱባቸው በፊት የጠፍር አልጋ ወጣሪ ነበሩ። ከበሬ ቆዳ የተቆረጠውን ጠፍር በእንጨቱ ላይ እየጎተቱ ሲያጠልፉ ሃያ ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው። ጣቶቻቸው እስከ ዛሬ ቀጥ ብለው አይዘረጉም።

ማሽኑ ከጆንያ ሥር በካርቶኑ እንዳለ ተቀምጦ ነበር። አንድ በጎ አድራጊ ልኮት ከመጣ ጀምሮ የከፈተው የለም። ክራቸው የተበጠሰ ራኬቶች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ መስታወታቸው የወደቀ ፍሬሞች ይመስላሉ። ጋሽ ይማም ማሽኑን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና ዞር ዞር እያሉ አዩት። እኔ የእንግሊዝኛውን መመሪያ እያነበብኩ ልተረጉምላቸው ስሞክር አላዳመጡኝም።

«ይሄማ አልጋ ነው» አሉ። «ታናሽ አልጋ።»

እውነታቸውን ነበር። ማሽኑ የራኬቱን ክብ ዙሪያውን የሚይዙ ስድስት ጣቶች አሉት። ክሩን የሚነክሱ ሁለት መቆንጠጫዎች አሉት። በጎኑ ዘንግ አለ፤ ዘንጉ ላይ ድፍን ብረት ይንሸራተታል። ብረቱን ወደ ጫፍ በገፋችሁት መጠን ክሩ ይከራል። ዘንጉ ላይ ከአሥራ ስድስት እስከ ሠላሳ ተቀርጿል። መመሪያው ፓውንድ ይለዋል፤ እኛ ቁጥር ነው የምንለው። ሃያ ቁጥር ላላ ያለ ነው፤ ሃያ ስድስት የከረረ ነው።

ወደ ታች የሚወርደውን ክር ድር፣ ወደ ጎን የሚሄደውን ማግ ያሉት ጋሽ ይማም ናቸው፤ ስሙ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ድሩን ከመሃል ጀምሪ አሉኝ፤ አንድ ወደ ቀኝ፣ አንድ ወደ ግራ። እኔ ግን ቶሎ ልጨርስ ብዬ ቀኙን ብቻ ሞላሁት። የራኬቱ ክብ እንቁላል ሆነ። አልተቆጡኝም፤ «ፍቺው» ብቻ አሉኝ። ሁለተኛ ላይ አንድ ማግ ዘለልኩ፤ «ፍቺው»። ሦስተኛ ላይ ቀዳዳውን የማሰፋበት፣ ከእናቴ የሰፌድ ዕቃ የሰረቅሁት ወስፌ አውራ ጣቴ ውስጥ ገባ። እሱን ደግሞ ራሳቸው አወጡልኝ።

አራተኛውን ከመጀመሬ በፊት ግን ጠየቁኝ።

«የማን ነው?»

«የትምህርት ቤቱ ነው ጋሼ።»

«ትምህርት ቤት አይተኛም። የሚተኛበት ማን ነው?»

ያኔ ነው የገባኝ። እሳቸው የማን እንደሆነ ሳይጠይቁ አልጋ ወጥረው አያውቁም። ወገቡን ለሚያመው ሽማግሌ አንድ ዓይነት ነው፣ ለአራስ ሌላ ነው። ስለ ሙሽራ አልጋም ሊነግሩኝ ጀምረው ነበር፤ ሳል አቋረጣቸው። አልጋውን ሰው ነው የሚለካው፣ እንጨቱ አይደለም አሉኝ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ የመጀመሪያው ገጽ እሱ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ማዕረጌ «ረዳት ዕቃ ያዥ» ነበር። በሁለተኛው «ወጣሪ» ሆንኩ። ልጆቹ መሳቂያ አደረጉኝ፤ ጭቅጭቅ ለምታበዛ ሴት «ወጥራ ያዘችኝ» ይባል የለ? «ወጣሪዋ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ» ይላሉ። እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ክራቸው ሲበጠስ የሚሮጡት ወደ እኔ ነው።

ሰዓዳ የመጣችው ያኔ ነው። አንድ ክፍል ትቀድመኛለች። ቤተሰቦቿ ወግዲ ናቸው፤ እሷ እዚህ እኛ ጋ፣ መካነ ሰላም፣ አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። ቀጭን ናት። ክንዷ የእኔን ያህል ወፍራም አይደለም፤ ግን ሻትሉ፣ ያ የላባ ኳስ፣ ገና ከባላጋራዋ ራኬት ሳይነሳ የሚወድቅበት ቦታ ደርሳ ትቆማለች። ሪያድ ያለችው አክስቷ ራኬት ልካላት ነበር፤ ክሩ መንገድ ላይ ተበጥሶ ደርሷል። በሁለት እጇ፣ እንደታመመ ሕፃን አቅፋ አመጣችልኝ።

ያን ራኬት ሳነሳው እጄ ወደ ላይ ሮጠ። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ይዤ አላውቅም። በስንት እንደሚቀል ማወቅ ፈለግሁ። ዕቃ ክፍል ያለው ሚዛን የእህል ነው፤ ግራም አያውቅም። ስለዚህ ክሩን ወጥሬ ስጨርስ፣ ከትምህርት ቤቱ ራኬቶች ደህና ከምንለው ጋር ይዤው ጎረቤታችን ወርቅ ቤት ሄድኩ። ወርቅ ሻጩ ራኬቱን ሚዛኑ ላይ ሳደርገው በመነጽሩ ላይ አየኝ።

«ይሄ ስንት ካራት ነው?» አለኝ።

የሰዓዳው ሰማንያ ስምንት ግራም መዘነ። የትምህርት ቤቱ መቶ አራት። እንዳይላጥ ብሎ ቲቸር ጌታሁን ክቡ ላይ በጠቀለለው ጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ ጭምር ማለት ነው። አሥራ ስድስት ግራም ምን አላት ብዬ ለወርቅ ሻጩ ብነግረው ሳቀብኝ። በአሥራ ስድስት ግራም ሰው ይዳራል አለኝ።

እኔና ሰዓዳ አሥራ ስድስቷን ግራም አዳራሽ ውስጥ ፈተንናት። በሜዳው የኋላ ጥግ ጆንያ አነጠፍን። እኔ ሻትል እወረውርላታለሁ፣ እሷ በመረቡ ላይ አሳልፋ ጆንያው ላይ ለመጣል ትመታለች። ሃያ በቀላሉ፣ ሃያ በከባዱ። በቀላሉ ከግማሽ በላዩን ጆንያው ላይ ጣለችው። በከባዱ የመጀመሪያዎቹ ጥሩ ነበሩ፤ ከዚያ ክንዷ መዘግየት ጀመረ። ራኬቱ ዘግይቶ ሲደርስ ሻትሉ አልፎ ከትከሻዋ ኋላ ይመታል፤ ሄዶም በጎን መስመር ይወጣል። ቴፑ ደግሞ ጫፉ ላይ ስለሆነ ክብደቱ በእጥፍ ይሰማል። ቴፑን ልላጠው ፈቃድ ስጠይቅ ቲቸር ጌታሁን የመንግሥት ንብረት አይላጥም አለኝ።

ክሩንም እንዲሁ ፈተንን። ላላ ሲል፣ በሃያ ሁለት ቁጥር፣ ሻትሉን እንደ ጥሩ አልጋ ወደ ላይ ያነጥረዋል፤ ቀጭን ክንድም ቢሆን ከጥግ እስከ ጥግ ያደርሳል። ሲከር፣ በሃያ ስድስት፣ አያነጥርም፤ የምትሰጡትን ያህል ብቻ ነው የሚሰጣችሁ። ልክ መሃሉን ካገኛችሁ ሻትሉ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ትንሽ ከመሃሉ ከወጣችሁ ግን አጥሮ ይወድቃል፣ እጅም ይነዝራል።

አሁን ስለ ቲቸር ጌታሁን እውነቱን ልጻፍ። እሱ ሁሉንም በሃያ ስድስት ወጥሪ ሲለኝ ያለ ምክንያት አልነበረም። እኛ አገር ሻትል ሲመታ አይመለስም፤ በኋላ መስመር ይወጣል። የሰዓዳ በሃያ ሁለት የተወጠረው ራኬት አዳራሻችን ውስጥ በጨዋታ ላይ ሻትሉን እያሳለፈ ያስወጣባት ነበር። «አክርሪው፤ ሲከር ይታዘዛል» አለኝ። አከረርኩት፤ ታዘዘ። መካነ ሰላም ላይ ልክ ነበር።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ለትምህርት ቤቶች ውድድር ኮምቦልቻ ወረድን። እኔ ዕቃ ተሸካሚ ሆኜ ነው የሄድኩት። በአቀስታ፣ በደሴ አድርገን ስንደርስ ሹራባችንን አውልቀን ወገባችን ላይ አሰርን። በማግስቱ ልጆቻችን የመቱት ሁሉ የሜዳው መሃል እየወደቀ ተጫወቱ፤ ባላጋራዎቻቸው ከላይ ከላይ እየደበደቡ ጨረሷቸው። ቲቸር ጌታሁን መኪናው አድክሟቸው ነው አለ። እኔ ደብተሬ ላይ «ኮምቦልቻ፣ ሁሉም አጭር» ብዬ ጻፍኩ።

አሥራ አንደኛ ክፍል የፊዚክስ መምህራችን አየር ከፍታ ላይ እንደሚሳሳ፣ ወደ ቆላ ሲወረድ እንደሚወፍር አስተማሩን። ከወንበሬ ልነሳ ምንም አልቀረኝ። ሻትል ላባ ነው፤ አየር ነው የሚይዘው። ስስ አየር ይለቀዋል፣ ወፍራም አየር ያስቀረዋል። እኛ ክሩን ያከረርነው ለመካነ ሰላም ስስ አየር ነው፤ ይዘነው የምንሄደው ግን ወደ ኮምቦልቻ ወፍራም አየር ነው።

ያን ዓመት ውድድሩ ለሰዓዳ ጨዋታ አልነበረም። ከውድድሩ ጥሩ የታዩት ለማሠልጠኛ ይመረጣሉ፤ እዚያ ማደሪያ አለ፣ ምግብ አለ፣ ትምህርትም አለ። እናቷ ከወግዲ መጥተው ቁርጡን ነግረዋት ሄዱ። ከተመረጠች እሰየው፤ ካልተመረጠች አክስቷ ሪያድ የምትሠራበት ቤት አግኝታላታለች፤ ፓስፖርቱም ወጥቷል። ሰዓዳ ይህንን የነገረችኝ እየሳቀች ነው። ራኬቱን የላከችውም፣ ቤቱን ያገኘችውም ያችው አክስት ናት።

ከመሄዳችን በፊት ቲቸር ጌታሁን የሰዓዳን ራኬት አዲስ ክር አስገቢበት ብሎ ሰጠኝ። በሃያ ስድስት። ስለ አየሩ ነገርኩት። ደብተሬንም አሳየሁት። ሌሎቹ ልጆች እየሰሙ ነበር።

«የሚጫወተው አየር ነው ወይስ ሰው?» አለኝ።

«ሰው ነው ቲቸር፤ ግን ሻትሉ...»

«አንቺ ክር ወጥሪ።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ዛሬም የሚያንገበግበኝ ያ ሳቄ ነው።

ዕቃ ክፍል ገብቼ ራኬቱን ማሽኑ ላይ ሳስር ጋሽ ይማም የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። የሰዓዳ ነው፣ ኮምቦልቻ ይዛው ልትወርድ ነው አልኳቸው። የአልጋ ነገር አመጡ። ወደ ዓባይ በረሃ ለሚወርድ ሰው አልጋ ሲወጥሩ ሁልጊዜ ላላ አድርገው ነበር የሚሰጡት። ጠፍሩ እዚያ ይደርቅና በራሱ ይከራል።

«ደጋ ላይ ጥሩ የሆነ አልጋ ቆላ ሲወርድ ድንጋይ ነው» አሉኝ። «ለቆላ ሰው ላላ ነው የሚሰጥ፤ እኔ የማውቅ ይህንን ነው።»

ሰዓዳንም ጠራኋትና በስንት ቁጥር እንደምትፈልገው ጠየቅኋት። የግድግዳውን ራኬቶች በጥፍሯ እየነካካች ነበር፤ ክሩን ጫር አድርጋ በድምፁ ብቻ ቁጥሩን መገመት አስተምሬያት ስለነበር ያንን ጨዋታ ትወደዋለች።

«አንቺ ነሽ የምታውቂ» አለችኝ። «እኔ የሰጠሽኝን ነው የምመታ። አብሽሪ።»

ብረቱ እጄ ላይ ነበር። ሃያ ሁለት ላይ ማስቆም እችላለሁ። ግን ቲቸር ጌታሁንም ክሩን በጥፍሩ መትቶ ነው የሚረከበኝ፤ የላላ ክር ድምፁ ይወፍራል፣ ያውቃል። ከቡድን አንዴ ተባርሬአለሁ፤ ከዕቃ ክፍል ደግሞ መባረር አልፈለግሁም። ብረቱን ሃያ ስድስት ላይ ገፋሁት። ድሩን ከመሃል ጀመርኩ፣ ማጉን አስገባሁ፣ አንድም አልዘለልኩም። በሕይወቴ ከወጠርኳቸው ሁሉ እንደዚያ ያማረ የለም። እንደ ደንቡ እጀታው ላይ ወረቀት አሰርኩበት፤ ቁጥሩን «26»፣ ከሥሩ ስሜን ጻፍኩ። ቲቸር ጌታሁን በጥፍሩ መታው። ጥን አለ። «አየሽ» አለኝ።

ኮምቦልቻ ላይ ሰዓዳ የመጀመሪያውን ዙር ሃያ አንድ ለአሥራ ሁለት ተሸነፈች። እግሯ እንደ ልማዷ ቀድሞ ይደርሳል፤ የምትመታው ግን ከኋላ መስመር ሳይደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ይሞታል። ባላጋራዋ እሱን ከላይ እየጠበቀች ትመታባታለች። ሰዓዳ ራኬቷን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። አልተቆጣችም። የሆነ ነገር የምትጠይቀኝ ነው የመሰለኝ።

በዕረፍቱ ወደ ቲቸር ጌታሁን ሮጥኩ። በሻንጣው ውስጥ ያ መቶ አራት ግራም የሚመዝነው የትምህርት ቤት ራኬት ነበር። ክሩ አርጅቶ ረግቧል፤ በድምፁ ሃያ ሁለት ይሆናል። እሱን ትያዝ አልኩት። እጁን አወናጨፈ፤ አድርጊ ማለቱ ይሁን ሂጂ ማለቱ አላውቅም። ሰጠኋት።

ሁለተኛውን ዙር አሸነፈች። ሻትሉ እስከ ጥግ ይሄድ ጀመር፤ አዳራሹ ሁሉ ለእሷ አጨበጨበ፤ እኔ ጮኼ ጮኼ ድምፄ ተዘጋ። በሦስተኛው መሃል ላይ ግን ክንዷ መዘግየት ጀመረ። አውቀዋለሁ፤ ጆንያው ላይ አይቼዋለሁ። ራኬቱ ይዘገያል፣ ሻትሉ ከትከሻዋ ኋላ ይመታል፣ በጎን መስመር ይወጣል። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት ጊዜ። ከጎኔ የተቀመጡት ሰዎች ልጅቷ ደከመች ሲሉ እኔ ግራሙን እቆጥር ነበር።

አንዱ ራኬት ከባድ ነበር፣ አንዱ የከረረ። የሚያስፈልጋት ቀላሉ፣ በሃያ ሁለት የተወጠረው ነበር። እሱን ሊሠራላት የሚችለው ሰው ደግሞ መቀመጫው ላይ ሆኖ ያጨበጭባል።

የተመረጡት ስም ሲነበብ የእሷ አልነበረበትም።

ተመልሰን ስንመጣ ቲቸር ጌታሁን ለርዕሰ መምህሩ ሪፖርት ጻፈ። ዕቃ ክፍል ግልባጩ ስለሚደርሰን አነበብኩት። «በራኬት አወጣጠር ችግር ምክንያት» ይላል። ሄጄ ሃያ ስድስት ያሉኝ እርስዎ አይደሉም ወይ አልኩት። ማዘዙን አልካደም፤ ከዚያ በላይ ሳታከርሪው አልቀረሽም አለኝ። ወረቀቱ አሁንም እጀታው ላይ ነበር፤ ቁጥሩ የእሱ ነው፣ ስሙ የእኔ።

ሰዓዳ ፈተናዋን እንደጨረሰች ሄደች። መናኸሪያ ሸኘኋት። እናቷ የጨርቅ ቦርሳዋን ይዘው ሾፌሩን ይለማመጡ ነበር። ራኬቱን በሻሽ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ለአክስቴ ልመልስላት ብዬ አስቤ ነበር አለችኝና ሳቀች። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ታውቂው ነበር አይደል?» አለችኝ።

አዎ አልኳት።

«ሜዳው ላይ ሆኜ ሳይሽ ጠርጥሬ ነበር» አለች፤ መኪናው ውስጥ ገባች።

በማግስቱ ክሩን ፈታሁት። ክር ከአንድ ወገን አይቆረጥም፤ ከመሃል ጀምሮ በየተራ ነው የሚቆረጠው፤ አለዚያ ክቡ ይጣመማል። ጋሽ ይማም አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። በሃያ ሁለት መልሼ ወጠርኩትና ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ማንም እንዲጫወትበት አልፈቀድኩም፤ ሲጠይቁኝም ባለቤት አለው ነው የምለው።

ዘንድሮ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ደህና ነኝ ትላለች። የምትሠራበት ቤት ልጆች ባድሜንተን ይጫወታሉ፤ ግቢው ውስጥ መረብ አላቸው። ሲጨርሱ ራኬታቸውን ከሣሩ ላይ ሰብስባ፣ አቧራውን ጠርጋ የምታስቀምጠው እሷ ናት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ማንም ሳያየኝ በጥፍሬ መታሁት» አለች። «ሃያ ሁለት ነው።»

ማሽኑን የምትረከቡ ልጆች፣ ብረቱን ከመግፋታችሁ በፊት ራኬቱ የማን እንደሆነና የት አገር እንደሚጫወቱበት ጠይቁ። ክንዱ ቀጭን ከሆነ ቀላል ራኬት ስጡት፣ ቴፑን ላጡለት። ወደ ቆላ የሚወርድ ከሆነ አላሉለት። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ደግሞ ያወቃችሁትን ወጥሩ። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የእናንተ ስም ነው።